የወፍጮ ቤት መቆጣጠሪያን በዋይፋይ ዲበግ ማድረግ፦ ከደብረ ብርሃን የግል ተሞክሮ

አጎቴ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ወፍጮ ቤት አላቸው። የወፍጮው ባለሦስት ፌዝ ሞተር በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቃጥሎ ሁለት ጊዜ ከተጠቀለለ በኋላ፣ «አንተ ልጅ፣ ይኼ የተማርከው ነገር ለእኛ አይሆንም ወይ?» አሉኝ። የመቃጠሉ ምክንያት አዲስ ነገር አልነበረም። ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ሲጠፋ የቆመ ሞተር ጉር ጉር እያለ መነሣት ያቅተዋል፤ በመዞር ላይ ያለ ሞተር ግን በቀሩት ሁለት ፌዞች መዞሩን ይቀጥላል፤ ጭነቱ ስላልቀነሰም በሁለቱ መስመሮች የሚያልፈው ከረንት ይጨምርና ጥቅሉ ይግላል፣ ቆይቶም ይነዳል። ስለዚህ ኤስቲኤም32ኤፍ103 በሚባለው ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ውስጥ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) የሦስቱን ፌዝ ቮልቴጅ የሚለካና አንዱ ከ170 ቮልት በታች ሲወርድ ኮንታክተሩን (የሞተሩን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ማብሪያ) የሚያላቅቅ አነስተኛ መቆጣጠሪያ ሠራሁ።

መቆጣጠሪያው ሞተሩ ቆሞ ሳለ አንዱን ፌዝ ስናጠፋበት ወዲያው ያላቅቃል። ሞተሩ ገብስ እየፈጨ ሳለ ስናጠፋበት ግን ዝም ይላል። ይህ ስህተት ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ሊታይ የሚችል አልነበረም፤ የሚታየው እዚያው ወፍጮ ቤት፣ ሞተሩ ጭነት ይዞ ሲዞር ብቻ ነው። የዲበግ ፕሮብን፣ ማለትም ቺፕ ውስጥ የሚሠራን ፕሮግራም ከኮምፒውተር ሆኖ ለመመርመርና ስህተቱን ለመፈለግ (ዲበግ ለማድረግ) የሚያገለግለውን ዕቃ፣ በሽቦ አልባ አውታረ መረብ ማገናኘት የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም ተመሳሳይ ችግር ለሚገጥማቸው የሙያ ባልደረቦች እንዲጠቅም ነው።

በመጀመሪያ ያደረግሁት ማንም የሚያደርገውን ነው። ኤስቲ-ሊንክ የሚባለውን ርካሽ የዲበግ ፕሮብ ከላፕቶፔ ዩኤስቢ ሰካሁ፣ ሌላውን ጫፉን ከመቆጣጠሪያው ጋር አገናኘሁ፣ ላፕቶፑም ባትሪው ስለደከመ በቻርጀር ነበር። መቆጣጠሪያው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በትራንስፎርመር ሳይሆን በካፓሲተር በኩል በቀጥታ ከመስመሩ ነበር፤ ርካሽና ትንሽ ስለሆነ የመረጥኩት አሠራር ነው፤ ጉዳቱም የቦርዱ (የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ) ዜሮ መስመር ከኒውትራል ጋር በቀጥታ መያያዙ ነው። ያን ቀን ደግሞ በራሴ ስህተት ኒውትራሉንና አንዱን ፌዝ አዛውሬ አስሬ ነበር። በዚህ የተነሣ የቦርዱ ዜሮ መስመር 220 ቮልት ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ በኤስቲ-ሊንኩና በዩኤስቢው ሽቦ በኩል ከላፕቶፑ ቻርጀር ግራውንድ ጋር ተገናኘ። ጧ ብሎ ብሬከሩ ወደቀ። ኤስቲ-ሊንኩ ጠቆረ፣ የላፕቶፑ አንድ ዩኤስቢ ፖርት እስከ ዛሬ አይሠራም። እጄ በዚያ ሰዓት የላፕቶፑ የብረት አካል ላይ አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፌን እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ ለእኔ ዋይፋይ የምቾት ጉዳይ አልነበረም። ዋይፋይ በላፕቶፑና በቦርዱ መካከል ምንም ሽቦ እንዳይኖር ያደርጋል፤ ሽቦ ከሌለ ደግሞ የቦርዱ ዜሮ መስመር የትም ቢሰቀል ላፕቶፑ አይነካውም። የዩኤስቢ ማግለያ የሚባል ዕቃ መኖሩን አውቃለሁ፤ እሱም አንድ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን የሚዞር ቀበቶና የሚናኝ ዱቄት አጠገብ ላፕቶፕ ታቅፎ ከመቀመጥ አያድንም።

የተጠቀምኩት ቅንብር ራስበሪ ፓይ ዜሮ ደብሊው የሚባል ዋይፋይ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር (ከዚህ በኋላ «ፓይ»)፣ አዲስ ኤስቲ-ሊንክና አንድ ፓወር ባንክ ነው። ኤስቲ-ሊንኩ በፓዩ ዩኤስቢ ላይ ይሰካል፤ ፓዩ ላይ ኦፕንኦሲዲ የሚባለው ሶፍትዌር ይሠራል፤ ኦፕንኦሲዲ ከኤስቲ-ሊንኩ ጋር እየተነጋገረ በአንድ በኩል ለጂዲቢ (ፕሮግራምን ደረጃ በደረጃ እያስኬዱ ለመመርመር ለሚያገለግለው ሶፍትዌር) በፖርት 3333፣ በሌላ በኩል በቴልኔት (በአውታረ መረብ በጽሑፍ ትእዛዝ መላኪያ) ለሚመጣ ትእዛዝ በፖርት 4444 አገልግሎት ይሰጣል። ከቦርዱ ጋር የሚያገናኙት ሦስት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ የመረጃው መስመር፣ የሰዓት ምቱ መስመርና ዜሮ መስመሩ። አራተኛውን፣ 3.3 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለበትን የርካሹን ኤስቲ-ሊንክ እግር አላገናኘሁትም፤ በእነዚህ ርካሽ ዕቃዎች ላይ ያ እግር ቮልቴጅ የሚያወጣ እንጂ የቦርዱን ቮልቴጅ የሚለካ ስላልሆነ፣ የራሱ ኤሌክትሪክ ካለው ቦርድ ጋር ማያያዝ ሁለት ምንጮችን ማጋጨት ነው። ከፓይ ይልቅ ኢኤስፒ32 በሚባለው ዋይፋይ ያለው ቺፕ ላይ ብላክ ማጂክ ፕሮብ የሚባለውን ሌላ ዲበግ ፕሮብ ፈርምዌር (ቺፑ ውስጥ የሚቀመጠውን ፕሮግራም) በመጫን በርካሽ ተመሳሳይ ነገር ማግኘት ይቻላል፤ በዚያ አሠራር የጂዲቢ ሰርቨሩ ራሱ ፕሮቡ ውስጥ ነው። እኔ ግን ከታች በምገልጸው ምክንያት ሙሉ ሊኑክስ ያለው ዕቃ መረጥኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልናገር። ዋይፋዩ ላፕቶፑን ያግላል እንጂ ፕሮቡን አያግልም። ፓዩም፣ ኤስቲ-ሊንኩም፣ ፓወር ባንኩም ከቦርዱ ጋር በተገናኙ ጊዜ በመስመሩ ቮልቴጅ ላይ ናቸው፤ እነሱን መንካት የተላጠ ሽቦ ከመንካት አይለይም። ሁሉንም ክዳን ባለው የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውስጥ አስገብቼ፣ ለሽቦዎቹ ብቻ ቀዳዳ አበጅቼ በቴፕ ዘጋሁት። ማገናኘትና መንቀል የተፈቀደው ዋናው ብሬከር ወርዶ፣ ካፓሲተሮቹ እስኪፈስሱ ጥቂት ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ ብቻ ነበር። ፓወር ባንኩ ከቦርዱ ጋር ተያይዞ ሳለ ከግድግዳ ሶኬት ቻርጅ አይደረግም፤ ቻርጅ ከተደረገ የተገለለው ሁሉ እንደገና ተገናኘ ማለት ነው። በነገራችን ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ አንዳንዴ ከዜሮ ዲግሪ በታች ስለሚወርድ፣ ወፍጮ ቤት ያደረ ፓወር ባንክ ጧት በውርጩ ሰዓት ቻርጅ ባይደረግ ይመረጣል፤ የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ በታች ሲሞላ በውስጡ ይጎዳል።

ወደ አውታረ መረቡ ልመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ ጊዜዬን የበላው እሱ ነውና።

በመጀመሪያው ቀን ፓዩንና ላፕቶፑን በስልኬ ሆትስፖት አገናኘሁ። ሁለቱም ሆትስፖቱ ላይ መኖራቸው ይታያል፣ አንዱ ሌላውን ግን አያገኘውም። አንዳንድ ራውተሮችና ሆትስፖቶች በእነሱ ላይ የተገናኙ ዕቃዎች እርስ በርሳቸው እንዳይነጋገሩ ይከለክላሉ፤ በሆቴልና በትምህርት ተቋም ዋይፋይ ላይም ይህ የተለመደ ነው። ይህን ሳላውቅ የኦፕንኦሲዲን ማስተካከያ ፋይል ግማሽ ቀን ስገለብጥ ዋልኩ። በመጨረሻ ሦስተኛ ወገን አያስፈልግም ብዬ ፓዩን ራሱን ሆትስፖት አደረግሁት፤ ኔትወርክ ማናጀር በሚባለው ፕሮግራም ሆትስፖት ሲከፈት ፓዩ ለራሱ 10.42.0.1 የሚል አድራሻ ይይዛል፣ ላፕቶፑም በቀጥታ እዚያ ይገባል። ከዚያ ወዲህ የከተማው ኔትወርክ ቢኖርም ባይኖርም ለሥራዬ ለውጥ የለውም።

ሁለተኛው እንቅፋት የብረት ሳጥኑ ነው። ኮንታክተሩም መቆጣጠሪያዬም ያሉት በብረት ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሳጥኑ በር ሲዘጋ የ2.4 ጊጋኸርትዙ ሞገድ እዚያው ታስሮ ይቀራል። በሩ ተከፍቶ በላፕቶፔ ላይ የሚታየው የሲግናል መጠን ከዜሮ በታች 55 ዲቢኤም ሲሆን፣ በሩ ሲዘጋ ከዜሮ በታች ወደ 82 ይወርድና ግንኙነቱ ይቆራረጣል። ስለዚህ ምሳ ዕቃውን ከሳጥኑ ውጭ፣ የሽቦ መግቢያው ቀዳዳ አጠገብ ሰቀልኩት። ከፕሮቡ እስከ ቦርዱ ያለው ሽቦ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ኮንታክተሩ ሲመታ በሚፈጥረው ረብሻ የተነሣ ንባቡ ይሳሳት ስለነበር፣ የሰዓት ምቱን ፍጥነት ወደ 200 ኪሎኸርትዝ ዝቅ አድርጌ የዜሮውን ሽቦ ከሰዓት ምቱ ሽቦ ጋር ጠመዘዝኩት። ረብሻው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ሥራ እስከማስቆም የሚደርስ ግን አልነበረም።

ሦስተኛው ከሁሉ የረቀቀው ነው። ጂዲቢ በአንድ እርምጃ ወደ ፊት ሂድ ሲባል ከሰርቨሩ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ አይነጋገርም፤ ሬጅስተሮቹን (የፕሮሰሰሩን የውስጥ መያዣዎች) ይጠይቃል፣ ስታኩን (የተጠሩት ፋንክሽኖች መረጃ የሚደረደርበትን ሚሞሪ) ይጠይቃል፣ የሚታዩትን ተለዋዋጮች አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱም መልስ ይጠብቃል። መልእክቶቹ በጣም ትንንሽ ስለሆኑ የዋይፋዩ ፍጥነት ስንት ሜጋቢት ነው የሚለው ጥያቄ እዚህ ትርጉም የለውም፤ ዋናው ነገር አንድ መልእክት ደርሶ ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። በዩኤስቢ በቅጽበት የሚያልቀው አንድ እርምጃ በእኔ ዋይፋይ ሁለት ሰከንድ ገደማ ይወስድ ነበር፤ አንዳንዴም ጂዲቢ መልስ ዘገየብኝ ብሎ ይተዋል፤ ሳይነኩት የሚጠብቀው 2 ሰከንድ ብቻ ነውና። ፒንግ ሳደርግ (የሙከራ መልእክት ልኬ መልሱን ስጠብቅ) የመልሱ ጊዜ አንዴ 5 ሚሊሰከንድ፣ አንዴ 180፣ አንዴ 300 ይሆናል።

ይህ መዋዠቅ የኃይል ቁጠባ ምልክት መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የዋይፋይ ዕቃ ኃይል ለመቆጠብ ሬዲዮውን አጥፍቶ ይተኛል፤ ሆትስፖቱ አብዛኛውን ጊዜ በየ100 ሚሊሰከንዱ ገደማ የሚልከውን ምልክት ለመስማት ብቻ ይነቃል፤ እስኪነቃ የመጣለት መልእክት ሁሉ ይጠብቀዋል። ቪዲዮ ለሚያይ ሰው ይህ አይታወቅም፤ መልስ ሳያገኝ ቀጣዩን ጥያቄ ለማይጠይቀው ጂዲቢ ግን በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ይደመራል። በእኔ ቅንብር ሆትስፖቱ ፓዩ ስለሆነ የሚተኛው ላፕቶፑ ነበር፤ እኔ ግን ጥፋቱን ከፓዩ ስፈልግ ቆየሁ። የዋይፋይ የኃይል ቁጠባውን በሁለቱም ላይ ሳጠፋው ፒንጉ ከ10 ሚሊሰከንድ በታች ተረጋጋ። በኢኤስፒ32 ለሚሠራም ያው ነው፤ የዋይፋዩን የእንቅልፍ ሁኔታ በፈርምዌሩ ማጥፋት አለበት፤ በተጨማሪም የኢኤስፒ32 ሬዲዮ መልእክት ሲልክ ለቅጽበት ብዙ ከረንት ስለሚስብ፣ 500 ሚሊአምፔር መስጠት ከሚችል የራሱ ምንጭ እንጂ ከሚመረመረው ቦርድ ሬጉሌተር ኤሌክትሪክ ባይወስድ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ካስተካከልኩ በኋላ ግን የተሻለ መንገድ እንዳለ ታየኝ፤ ፓይ የመረጥኩበት ምክንያትም ይኸው ነው። ጂዲቢውን ላፕቶፑ ላይ ማሄዱን ትቼ ፓዩ ላይ፣ ቲመክስ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ አሄድኩት። ያን ጊዜ በጂዲቢና በኦፕንኦሲዲ መካከል ያለው ምልልስ ሁሉ እዚያው ፓዩ ውስጥ ያልቃል፤ በዋይፋይ የሚመላለሰው እኔ የምጽፈውና የማነበው ጽሑፍ ብቻ ነው። ዋይፋዩ ቢቋረጥ እንኳ ሥራው ባለበት ይቆየኛል፤ ተመልሼ ስገባ ከነበረበት እቀጥላለሁ። ፓይ ዜሮ ደብሊው አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ትልቅ ፕሮግራም ሲጭን ያቃስታል፤ 64 ኪሎባይት ፍላሽ (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ሚሞሪ) ላላት ቺፕ ግን ይበቃል።

ስለ ደኅንነትም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የጂዲቢ ፖርት የይለፍ ቃል የለውም፤ እዚያ ፖርት የደረሰ ሁሉ ሚሞሪውን ማንበብ፣ ፍላሹን መደምሰስ፣ ፕሮሰሰሩን ማቆም ይችላል። ኦፕንኦሲዲ ሳይነካ ሲተው የሚሰማው ከራሱ ኮምፒውተር የሚመጣን ጥያቄ ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ከላፕቶፕ ለመግባት ሲል ለሁሉም ይከፍተዋል፤ እኔም በመጀመሪያው ቀን ከፍቼው ነበር። ከዚያ በኋላ ዘግቼው በኤስኤስኤች (መለያና ምስጢራዊ ግንኙነት ባለው መግቢያ) ብቻ እገባለሁ። ሞተር በሚያስነሣና በሚያቆም ዕቃ ላይ በሩን ክፍት መተው ድፍረት ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። በጠረጴዛ ላይ የለመድነው ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ እዚያ ሲደርስ እንዲቆም የሚደረግበት ቦታ) እዚህ ክልክል ነው። ፕሮሰሰሩ ሲቆም የውጤት እግሮቹ በነበሩበት ይቆያሉ፤ ኮንታክተሩ ተይዞ ከነበረ እንደተያዘ ይቀራል፤ ሞተሩ ይዞራል፤ ጠባቂው ግን ታውሯል። ዋይፋዩ በዚያች ሰዓት ከተቋረጠ ደግሞ እንደታወረ ሊቆይ ይችላል። በተጨማሪም የዋችዶጉ (ፕሮግራሙ ሲዘጋ ቺፑን እንደገና የሚያስነሣው ጠባቂ) ቆጣሪ፣ በዲበግ ጊዜ አብሮ እንዲቆም የሚያደርገው ቢት ካልተነሣ በቀር፣ ፕሮሰሰሩ ቆሞም መቁጠሩን ስለማይተው ቺፑን እንደገና ያስነሣዋል። ስለዚህ ሞተሩ ሲዞር ሳላቆም ማንበብ ነበረብኝ፤ እንደ እኔዋ ያሉ የኮርቴክስ-ኤም ቺፖች ደግሞ ፕሮሰሰሩ እየሠራ ሳለ ሚሞሪውን በፕሮቡ በኩል ለማንበብ ይፈቅዳሉ። ይህን በኦፕንኦሲዲ የቴልኔት ትእዛዝ በቀላሉ ማድረግ ይቻላል።

ነገር ግን በ20 ሚሊሰከንድ አንድ ዙር የሚጨርስን የ50 ኸርትዝ ሞገድ በዋይፋይ ተከታትሎ ማንበብ አይታሰብም። ስለዚህ ቀረጻውን ለቺፑ ተውኩት። በፈርምዌሩ ውስጥ እየዞረ የሚጻፍበት ቋት አበጀሁ፤ በየሚሊሰከንዱ የሦስቱን ፌዝ ንባብ በሁለት ሁለት ባይት ይጽፋል። በሰከንድ 6,000 ባይት፣ በሁለት ሰከንድ 12,000 ባይት ይሆናል፤ ይህም 20 ኪሎባይት ራም ላላት ቺፕ ይበቃል። አንዲት ተለዋዋጭ ደግሞ አስቀመጥኩ፤ እሷን ከዜሮ ወደ አንድ ስቀይራት ቀረጻው ይቆማል፤ ከዚያ ቋቱን ሙሉ ወደ ፋይል እገለብጠዋለሁ።

ለአንዱ ፌዝ ብቻ የሚያገለግል ባለአንድ ፖል ብሬከር ኤሌክትሪሻኑ ለዚሁ ሙከራ አስገባልን። እኔ ከስምንት ሜትር ርቀት፣ ደንበኞች ማዳበሪያቸውን አስደግፈው የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ላፕቶፑን ይዤ ተቀመጥኩ። ትእዛዙን ጽፌ ጨርሼ ጣቴን የማስገቢያው ቁልፍ ላይ አሳረፍኩ። ወፍጮው ሲፈጭ ጩኸት አይሰማም፤ ስለዚህ ኤሌክትሪሻኑ ግራ እጁን ሲያወርድ ብሬከሩን እንዲጥል ተስማማን። በመጀመሪያው ሙከራ ዘገየሁ፣ ፌዙ የጠፋበት ቅጽበት ከቋቱ ላይ ተጽፎበት ጠፋ። በሁለተኛው ቸኮልኩ፣ ከመጥፋቱ በፊት ያለውን ብቻ ቀረጽኩ። በሦስተኛው ተሳካ። ወዲያው ሞተሩን አጠፋን፤ አንዲት እናት ግን «ልጄ፣ ገብሴ ሳያልቅ አታቁሙት» ብለው ተቆጡን።

ቋቱን በግራፍ ስስለው ምክንያቱ ወለል ብሎ ታየ። የጠፋው ፌዝ አልጠፋም። ብሬከሩ ወርዶም በሞተሩ በኩል ያለው ቮልቴጅ ከ220 ወደ 190 ገደማ ብቻ ወረደ፤ በመዞር ላይ ያለ ባለሦስት ፌዝ ሞተር ባጣው መስመር ላይ ራሱ ቮልቴጅ ያመነጫልና። ከሌሎቹ ጋር ሊኖረው ከሚገባው የ120 ዲግሪ ርቀት ግን ፈቀቅ ብሏል። የእኔ ፈርምዌር 170 ቮልትን ሲጠብቅ ሞተሩ ጠባቂውን ያታልለው ነበር። የሦስት ሳምንት የኮድ ፍተሻዬ ከንቱ ነበር፤ ኮዱ የታዘዘውን በትክክል ያደርግ ነበር፣ የተሳሳተው ትእዛዙ ነው።

ማስተካከያው አጭር ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የከረንት ትራንስፎርመር (በሽቦው የሚያልፈውን ከረንት የሚለካ ዕቃ) ጨመርኩ፤ ቮልቴጁ ቢያታልልም በተቋረጠ መስመር ከረንት አያልፍምና። የቮልቴጆቹ አለመመጣጠንም አብሮ እንዲታይ አደረግሁ፤ ችግሩ ለግማሽ ሰከንድ ከዘለቀ ኮንታክተሩ ይላቀቃል። በአዲሱ ቦርድ ላይ ያንን የካፓሲተር አሠራር ጥዬ የተገለለ ትራንስፎርመር አስገብቻለሁ፤ ዕቃው ወፈር ብሏል፣ ዋጋውም ጨምሯል፣ ዜሮ መስመሩ ግን ከመስመሩ ጋር አይገናኝም። ገና ከመጀመሪያው እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ።

ምሳ ዕቃው አሁንም ሥራ አልፈታም። ፈርምዌር መቀየር ሲያስፈልገኝ ወፍጮው የሚያርፍበትን እሑድ እጠብቃለሁ፤ ፍላሹ በግማሽ ተደምስሶ ግንኙነቱ ቢቋረጥ መቆጣጠሪያው ባዶ ቀፎ ሆኖ ይቀራልና፣ ደንበኛ ተሰልፎ ሳለ አልሞክረውም። የኮንታክተሩን ኮይል ሽቦ እነቅላለሁ፣ አዲሱን ፋይል መጀመሪያ ወደ ፓዩ እገለብጣለሁ፣ ከዚያ ከፓዩ ወደ ቺፑ እጽፋለሁ፤ በዚህ ዓይነት ዋይፋዩ በመሀል ቢጠፋ እንኳ መጻፉ አይቋረጥም። በመጨረሻም ጂዲቢ የፍላሹን ይዘት ከፋይሉ ጋር እንዲያመሳክር አዝዤ እያንዳንዱ ክፍል መግጠሙን ሳይ ኮይሉን መልሼ አስራለሁ፤ አጎቴም በማግስቱ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ወፍጮውን ያስነሣሉ።